«የተሻለው መንገድ» ለማን ነው የሚሻለው?

ቡና ሲነሳ ስሟ አብሮ የሚነሳው ማንኪራ ከቦንጋ ከተማ ብዙም አትርቅም። ከዚያ የተነሳ የቡና ጭነት ቦንጋን አልፎ ጅማ ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ ለመግባት ምርጫ ያገኛል። አጭሩ በወልቂጤ በኩል ያለው ነው። በበደሌ፣ በነቀምትና በአምቦ መዞርም ይቻላል፤ በጭዳና በወላይታ ሶዶ በኩልም መንገድ አለ። ሹፌሩን የትኛው ይሻላል ብትሉት ኪሎ ሜትር ብቻ ቆጥሮ አይመልስላችሁም። አስፋልቱ እንዴት ነው? ኬላው ስንት ነው? ሰላም ነው ወይ? ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክትም ነገሩ እንዲሁ ነው። መልእክቱ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ተከፍሎ ይጓዛል። በየመጋጠሚያው ራውተር የሚባለው መሣሪያ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ ቆሞ አድራሻ እያየ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» ይላል። ብዙዎቻችን መሣሪያው የመረጠው ሁሉ ትክክል ነው ብለን እናምናለን። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ራውተር የሚከተለው ሰው ያስቀመጠለትን መስፈርት ነው። ስለዚህ «የተሻለ መንገድ» ሲባል መስፈርቱን ያወጣው ማነው ብሎ መጠየቅ የጋዜጠኛም የተጠቃሚም ሥራ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ራውተር መጀመሪያ የሚመዝነው ምንጩን ነው፤ ልክ እኛ በዜና አጻጻፍ ትምህርት እንደምንማረው። ስለ አንድ መድረሻ ሁለት ምንጮች የተለያየ መንገድ ከነገሩት ይበልጥ የሚያምነውን ይወስዳል። ለምሳሌ የሲስኮ ራውተሮች፣ ባለሙያ ካልቀየረው በቀር፣ ከራሳቸው ጋር በቀጥታ ለተያያዘ መስመር 0፣ ባለሙያው በእጁ ለጻፈላቸው 1፣ ኦኤስፒኤፍ በሚባለው ፕሮቶኮል ለደረሳቸው 110፣ ሪፕ በሚባለው ለደረሳቸው 120 ይሰጣሉ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር እምነቱ ይጨምራል። በዓይኑ ያየ ይቀድማል፣ ከጎረቤት የሰማ ይከተላል እንደማለት ነው።

ምንጩ አንድ ከሆነ ደግሞ ወደ ስሌት ይገባል። ሪፕ የሚቆጥረው በመንገዱ ላይ ያሉትን ራውተሮች ብዛት ብቻ ነው፤ ከ15 ካለፈ «አይደረስም» ብሎ ይተወዋል። ኦኤስፒኤፍ ግን የየመስመሩን ዋጋ ይደምራል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ ስፋት ይወጣል፤ የስሌቱን ዘዴ ኔዘርላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳትሞታል። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወረዳኔትና ስኩልኔት ሲዘረጉ ብዙ ወረዳዎችና ትምህርት ቤቶች የተገናኙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚቀመጥ ጥያቄ ልኮ መልስ ለማግኘት ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። እንበልና ከቦንጋ አዲስ አበባ አንድ ራውተር ብቻ የሚያልፍ የሳተላይት መስመርና አራት ራውተር የሚያልፍ የፋይበር መስመር ቢኖሩ፣ ሪፕ ሳያመነታ ሳተላይቱን ይመርጣል፤ አንድ ከአራት ያንሳላ! ፋይበሩ ግን መልሱን ቀድሞ ያመጣ ነበር።

በቴሌኮም ድርጅቶች መካከል ሲሆን ደግሞ ገንዘብና ውል ይገቡበታል። እዚያ የሚሠራው ቢጂፒ የሚባለው ፕሮቶኮል ከመንገዱ እርዝመት በፊት የባለቤቱን ምርጫ ያያል። ባለቤቱ «ርካሽ ውል ያለኝን አስቀድም» ካለው መንገዱ ቢረዝምም ያስቀድመዋል።

በመጨረሻ ፓኬቱ ሲመጣ ካሉት መንገዶች ይበልጥ ዝርዝር አድራሻ ያለው ያሸንፋል። አንዱ ታፔላ «ካፋ»፣ ሌላው «ቦንጋ»፣ ሦስተኛው «ማንኪራ» ቢል የማንኪራ መንገደኛ ሦስተኛውን ይከተላል። ደግ ነው። ታፔላው ውሸት ቢሆንስ? በየካቲት 2000 ዓ.ም. የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ብሎ ይበልጥ ዝርዝር የሆነ የሐሰት መንገድ አወጣ። ይህ መንገድ ሾልኮ ከአገር ወጣ፤ በሌላው ዓለም ያሉ ራውተሮችም አምነው ተከተሉት። ዩቲዩብ በብዙ አገር ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፋ። አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ያሉት ለራውተርም ሳይሠራ አይቀርም።

ወደ እኛ ስንመጣ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ለመምረጥ ቢያንስ ሁለት መንገድ ያስፈልጋል። አገራችን ወደብ ስለሌላት ከባሕር ውስጥ ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጅቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን እስኪጀምር ድረስ ቴሌኮሙ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ብቻ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ የትኛውም ራውተር «በሌላ በኩል ልሂድ» ሊል አልቻለም። በሩ አንድ፣ ቁልፉም አንድ ነበርና።

«አንዱ መስመር እንኳ በቅጡ ሳይዳረስ ሁለተኛ መስመር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። የገንዘቡ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን ጤና ጣቢያው፣ ባንኩ፣ ትምህርት ቤቱና ቡና ነጋዴው ሁሉ በአንድ ሽቦ ላይ በተንጠለጠሉበት ከተማ ያ ሽቦ ሲበጠስ ሁሉም አብረው ይቆማሉ። «ሲስተም የለም» ተብሎ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ገንዘቡን ሳያወጣ ሲመለስ ኪሳራውን ማንም አይመዘግብለትም። የሁለተኛው መስመር ዋጋ ሲሰላ ይህም አብሮ መሰላት አለበት። የቱንም ያህል የረቀቀ ስሌት አንዱን መንገድ ሁለት አያደርገውም።

እኛም ነገ ለዜና ስንወጣ «ኔትወርክ ተቋረጠ» ብለን ብቻ አናቁም። ወደዚህ ከተማ ስንት መስመር ይገባል? አንዱ ሲበጠስ ተተኪው የቱ ነው? የማን መልእክት ይቅደም የሚለውን የወሰነው ማነው? ብለን እንጠይቅ። መልሱን ራውተሩ አይነግረንም፤ ያዘዘው ሰው ግን ሊነግረን ይገባል።