የጓሮው ፍል ውኃ ጠባቂ ይሻል

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ብርዱ ሲጠና፣ ወይም አዲስ ቤት ሲገዛ፣ በብዙ ወገኖቻችን ዘንድ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ ጓሮ ላይ ጃኩዚ እናስቀምጥ ወይስ ይቅር? ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ዙሪያ ይሽከረከራል። በእኔ አስተያየት ግን ዋጋው ሁለተኛ ጉዳይ ነው። ጃኩዚ የሚገዛ ሰው እንደ ሶፋ ወይም እንደ ቴሌቪዥን ያለ የቤት ዕቃ ሳይሆን አነስተኛ የውኃ ማከሚያ ጣቢያ ነው የሚገዛው። የጣቢያው ኬሚስት፣ የጥገና ሠራተኛና የጤና ተቆጣጣሪም ባለቤቱ ራሱ ነው። ይህን ኃላፊነት በየሳምንቱ ለመወጣት ያልቆረጠ ቤተሰብ፣ ገንዘቡ ቢኖረውም እንኳ፣ ባይገዛ ይሻለዋል።

ይህን የምለው የሙቅ ውኃን ጥቅም ለማጣጣል አይደለም። እኛ ለፍል ውኃ እንግዳ ሕዝብ አይደለንም። አዲስ አበባ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1886 እቴጌ ጣይቱ በፍልውኃ አካባቢ ቤት በማሠራታቸው የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሶደሬና ወንዶ ገነትም ቁርጥማት የያዘው ሁሉ ተስፋ የሚጥልባቸው ስሞች ናቸው። በባዕድ አገር ጓሮ ላይ የሚቀመጠው ጃኩዚም ብዙ ጊዜ የሚገዛው በዚያው ሐሳብ ነው፤ ከአገር ቤት የመጡት እናት ጉልበታቸውን እንዲያሞቁበት፣ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውለው አባት ወገቡን እንዲያፍታታበት።

ነገር ግን በሁለቱ ውኆች መካከል መሠረታዊ ልዩነት አለ። የምንጭ ውኃ እየፈለቀ ይመጣል፣ የገላን እድፍ ይዞ ይሄዳል። የጃኩዚ ውኃ ግን የትም አይሄድም። ዛሬ ማታ የምንገባበት ውኃ የዛሬ ወር የገባንበት ያው ውኃ ነው። ላቡ፣ ቅባቱ፣ ሳሙናውና የቆዳው ብናኝ በውስጡ ይከማቻሉ። በምንጭ ዘንድ ተፈጥሮ በከፊል የምትሠራውን ሥራ፣ በጓሮው ገንዳ ፓምፕ፣ ማጣሪያና ኬሚካል ሊሠሩት ይገባል። እነርሱንም የሚያሠራቸው ሰው ነው።

የተከማቸ ሙቅ ውኃ ጠባይ

የመሣሪያው ታሪክ ራሱ ከሕመም ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ የመጣው ከጣሊያን ተሰድደው ካሊፎርኒያ ከሰፈሩ ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። ከእነርሱ አንዱ ካንዲዶ ጃኩዚ፣ በመገጣጠሚያ ብግነት ለሚሠቃይ ልጁ ሲል ተራ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ውኃውን የሚያናውጥ ፓምፕ ሠራ። ያ ፓምፕ የሚሠራበት ገንዳ ግን ከታጠቡ በኋላ ውኃው የሚፈስስ ገንዳ ነበር። በጊዜ ሂደት ገንዳው ከቤት ወደ ጓሮ ሲወጣና ውኃው ለሳምንታት ሞቆ እንዲቆይ ሲደረግ፣ የንጽሕናው ጥያቄ ፈጽሞ ሌላ መልክ ያዘ።

ሌጅዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 በፊላደልፊያ ሆቴል በተሰበሰቡ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ባስከተለው ብርቱ የሳንባ ምች ነው። ይህ ባክቴሪያ በተለይ የሚራባው በ25 እና በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል ሲሆን፣ ጃኩዚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቀው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ለእኛ የሚመቸን ሙቀት ለእርሱም ይመቸዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ አረፋው ውኃውን ወደ ደቃቅ ብናኝ ስለሚለውጠው፣ ባክቴሪያው በትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባበትን መንገድ ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1999 በኔዘርላንድስ ቦቨንካርስፔል በተባለች ከተማ በተካሄደ የአበባ ትርኢት፣ ለሽያጭ ማሳያ ከቀረበ ጃኩዚ በተነሣ የሌጅዮኔላ ወረርሽኝ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በሰሜን ካሮላይና በተካሄደ ባዛርም፣ ለእይታ ከቀረቡ ጃኩዚዎች ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ ከ130 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሰዎች ሞተዋል። በሁለቱም ቦታ ጃኩዚዎቹ ለመታየት እንጂ ለመታጠብ አልቀረቡም፤ ጎብኚዎቹ በአጠገባቸው አለፉ እንጂ ውኃው ውስጥ አልገቡም።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ የትርኢት ጃኩዚዎች ናቸው። በቤት ውስጥ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የቀለለ ነው፤ ሱዶሞናስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ በሰውነት ላይ የሚያወጣው ቀይና የሚያሳክክ ሽፍታ። ይሁን እንጂ የሌጅዮኔላን አደጋ ለማን እንደሚያመዝን ማየት ተገቢ ነው፤ ዕድሜአቸው ከ50 ዓመት በላይ ለሆነ፣ ለሚያጨሱ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸውና በሽታን የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ። ጃኩዚው የተገዛላቸው እናት በዚህ ዝርዝር ውስጥ አሉ።

ሁለት ቁጥሮች

መከላከያው ውስብስብ አይደለም፤ ሁለት ቁጥሮችን መጠበቅ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚመክረው፣ በጃኩዚ ውኃ ውስጥ ነጻ ክሎሪን በሊትር ቢያንስ 3 ሚሊግራም፣ ክሎሪን በብሮሚን ከተተካ ደግሞ ቢያንስ 4 ሚሊግራም መኖር አለበት። ሁለተኛው ቁጥር ፒኤች፣ ማለትም የውኃው የአሲድነት መጠን ነው፤ ከ7.0 እስከ 7.8 ሊሆን ይገባዋል።

ብዙዎች የመጀመሪያውን ጠብቀው ሁለተኛውን ይረሳሉ። ክሎሪን ጀርም የሚገድለው በተለይ ሃይፖክሎረስ አሲድ በሚባለው መልኩ ነው። ፒኤች 7.5 አካባቢ ሲሆን ከነጻው ክሎሪን ግማሽ ያህሉ በዚህ ብርቱ መልክ ይገኛል። ፒኤች ወደ 8 ሲወጣ ግን ሩብ ያህሉ ብቻ ይቀራል። የመመርመሪያው ወረቀት በቂ ክሎሪን አለ ቢልም ክሎሪኑ አቅሙን አጥቷል ማለት ነው። ደግሞም የጃኩዚ አረፋ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያስወጣ ፒኤችን ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። ደስታ የሚሰጠን አረፋ ራሱ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ መመርመር እንዳልመረመሩ ያህል ነው።

መታረም ያለበት አንድ የተለመደ እምነትም አለ። ኃይለኛ የክሎሪን ሽታ የንጽሕና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ያ ዓይንን የሚቆጠቁጥ ሽታ የሚመጣው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠረው ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪኑ በቆሻሻ ተሸንፎ እያለቀ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ነው።

ሻጮች በዚህ ጊዜ ዝግጁ መልስ አላቸው፤ "የእኛው በኦዞን፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወይም በጨው ራሱን ያጸዳል።" ቴክኖሎጂዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ ጠቃሚም ናቸው። ነገር ግን የአልትራቫዮሌት መብራት የሚገድለው በፊቱ የሚያልፈውን ጀርም ብቻ ነው። በገንዳው ግድግዳና በቧንቧው ውስጥ በሚፈጠረው ዝልግልግ ሽፋን ሥር የተሸሸገውን አይነካውም። የጨው ዘዴውም በኤሌክትሪክ ኃይል ከጨው ክሎሪን የሚያመርት ነው፤ ከክሎሪን ነጻ አይደለም፣ ክሎሪኑን ከመለካትም አያድንም። "ጥገና አያሻውም" የሚለውን ቃል የሰማ ገዢ እዚያው ላይ ቆም ብሎ ቢያስብ መልካም ነው።

የሙቀትና የክብደት ሂሳብ

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። አማካይ የሆነ ጃኩዚ 1,500 ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል እንበል። ይህን ውኃ ከ10 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 49 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ያስፈልጋል፤ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ከ16 ሰዓት በላይ መሥራት አለበት። ይህ የመነሻው ወጪ ነው። ዘላቂው ወጪ የሚወጣው ሙቀቱን ጠብቆ ለማቆየት ነው፤ ትልቁ የሙቀት ሌባም ትነት ነው። 1 ሊትር ውኃ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሙቀት፣ ያንኑ ሊትር ከ10 ወደ 38 ዲግሪ ለማሞቅ ከጠፋው 20 እጥፍ ያህል ነው። በመሆኑም ለኤሌክትሪክ ቆጣቢነት ወሳኙ ዕቃ ክዳኑ ነው። ውኃ ጠጥቶ የከበደ አሮጌ ክዳን ሙቀት የመያዝ ችሎታውን አጥቷልና መለወጥ አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ይገለበጣል፤ በበጋ ፓምፑ ራሱ በሚያመነጨው ሙቀት ብቻ ውኃው ከተፈቀደው በላይ ሊግል ስለሚችል፣ እዚያ የሚያስፈልገው ማቀዝቀዣ ነው።

ክብደቱም አይናቅ። ውኃው ብቻውን 1.5 ቶን ነው። ገንዳውና አምስት ሰዎች ሲጨመሩ ከ2 ቶን ይበልጣል። ይህ በ4 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ500 ኪሎ በላይ ይሆናል። በአሜሪካ የተለመደው የእንጨት በረንዳ የሚታቀደው ግን በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። ስለዚህ "በነጻ ውሰዱ" ተብሎ የተገኘ አሮጌ ጃኩዚ በረንዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት መሐንዲስ ይጠየቅ፤ አለዚያ መሬት ላይ በተነጠፈ ኮንክሪት ላይ ይቀመጥ። የኤሌክትሪክ መስመሩም ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይዘርጋ። ኃይል ሲያፈተልክ በቅጽበት የሚያቋርጥ መከላከያ የሌለው ጃኩዚ ውስጥ መግባት ከሞት ጋር መደራደር ነው።

ውኃ እያሳሳቀ

አበው "ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ይላሉ። የጃኩዚ ሙቀት ከ40 ዲግሪ መብለጥ የለበትም፤ ለጤናማ ሰውም በዚያ ሙቀት 15 ደቂቃ ያህል ይበቃል። ሙቀት የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የደም ግፊት ይወርዳል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ወይም አልኮል የጠጣ ሰው ሲነሣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴቶች ሐኪማቸውን ሳያማክሩ፣ ዕድሜአቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ደግሞ ከነጭራሹ እንዳይገቡ ይመከራል። ክዳኑም ሁልጊዜ ይቆለፍ። የውኃ መሳቢያው ቀዳዳ መሸፈኛ ከተሰበረ ገንዳው ይዘጋ። እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የ7 ዓመት የልጅ ልጅ ሕይወቷ ያለፈው በጃኩዚ መሳቢያ ኃይል ተይዛ ነው። በእርሷ ስም የተሰየመው የአገሪቱ ሕግም የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

በሆቴልና በስፖርት ማዕከል ያሉ ጃኩዚዎች በብዙ አገሮች ተቆጣጣሪ አላቸው። በጓሮ ያለው የለውም። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ሻጮች ከዕቃው ጋር የውኃ መመርመሪያ እንዲሰጡና አጠቃቀሙን እንዲያሳዩ ሊገደዱ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ለዕረፍት የሚከራዩ ቤቶች ባለቤቶችም የምርመራ መዝገባቸውን ለተከራይ ማሳየት አለባቸው። እስከዚያው ግን ተከራዩ ራሱ አንድ እሽግ የመመርመሪያ ወረቀት በሻንጣው ቢይዝ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ባለቤት ለሆነው ደግሞ ሥራው ይህ ነው። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም እንግዳ ከመግባቱ በፊት፣ ክሎሪኑንና ፒኤቹን መለካት፤ ማጣሪያውን በየሳምንቱ ማጠብ፤ ከመግባት በፊት ገላን በሳሙና መታጠብ። ውኃው የሚለወጥበትን ጊዜ ለማወቅ የጋሎኑን ብዛት ለ3፣ ከዚያም በቀን ለሚገቡት ሰዎች ቁጥር ማካፈል ነው፤ 400 ጋሎን ውኃ ለሁለት ሰው 66 ቀን ያህል ያገለግላል። ኬሚካል ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ ኬሚካል አይጨመርም፤ ሁለት ዓይነት ኬሚካልም በደረቁ አይቀላቀልም። በጠርሙሶቹ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ወይም በአገሩ ቋንቋ በመሆኑ፣ ቋንቋውን የማያነቡ ወላጆች ባሉበት ቤት ኬሚካሉ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ትርጉሙም በአማርኛ ይለጠፍበት።

ይህ ሁሉ ተደምሮ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ "ስንት ነው?" የሚለው ብቻ አይደለም፤ "ውኃውን በየሳምንቱ የሚለካው ማን ነው?" የሚለው ነው። በስሙ የሚጠራ አንድ ሰው ከተገኘ ይገዛ፤ እናትም ጉልበታቸውን ያሙቁ። "ሁላችንም እናየዋለን" የሚል መልስ ከመጣ ግን ማንም አያየውምና፣ ገንዘቡ ተቀምጦ እናትን ተቆጣጣሪ ወዳለበት የሕዝብ መዋኛ መውሰድ የበለጠ ፍቅር ነው።