የሁለተኛው ኦፕራሲዮን ሂሳብ የማን ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለማይወራ ነገር ነው። መሳቅ የፈለገ ስቆ ይጨርስና ይመለስ። እህቶቼም አትለፉት፤ ጉዳዩ የወንድ ገላ ይሁን እንጂ ትዳር የሁለት ሰው ነው። ተማሪዎቼም ይህን ገጽ እንደምትከታተሉ አውቃለሁ፤ ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ የባሰ ነገር እዚህ አታገኙም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በሕመም ወይም በአደጋ ምክንያት ስንፈተ ወሲብ የደረሰበት፣ ክኒኑም መርፌውም ያልረዳው ሰው በኦፕራሲዮን ብልቱ ውስጥ መሳሪያ ይተከልለታል። መሳሪያው የሰው ሥራ ነውና አንድ ቀን ይበላሻል፤ ሲበላሽ መቀየር አለበት። ያኔ ኢንሹራንሱ ፊቱን ያዞራል። «ይህ በሽታ አይደለም» ይላል። እኔ ይህን በወረቀት የሚሰራ ሌብነት እለዋለሁ።

የእናቴ ወንድም አሜሪካ ነው ያለው። ስሙንም ከተማውንም አልጠራም፣ ኢንሹራንሱንም አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል፤ «ጻፈው፣ እኔ ማፈሩን ጨርሻለሁ» ነው ያለኝ። ፕሮስቴቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት፣ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ነፍሱ ተረፈች። የኦፕራሲዮኑ ዋጋ ግን ነርቮቹ ላይ ወደቀ። ክኒን ሞከረ፣ መርፌ ሞከረ፣ በመጨረሻ መሳሪያው ተተከለለት። ያኔ የነበረው ኢንሹራንስ ከፈለ። ስድስት ዓመት ያለ ችግር ኖረ። ከዚያ መሳሪያው ማፍሰስ ጀመረ። በመሃል ሥራ ቀይሮ ስለነበር ኢንሹራንሱም ተቀይሯል። ሐኪሙ ለመቀየሪያው ፈቃድ ሲጠይቅ የመጣው መልስ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤውን ፎቶ አንስቶ በዋትሳፕ የላከው ለእኔ ነው፣ ካርቲየ ሰባት ላለሁት። እዚያው ቤቱ ውስጥ ከእኔ የተሻለ እንግሊዝኛ የሚችሉ ሦስት ልጆች አሉት። የባንኩን፣ የኢሚግሬሽኑን፣ የግብሩን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነቡለት እነሱ ናቸው። ይህን ግን እንዴት ብሎ ልጁን «ተርጉሚልኝ» ይበላት? ኢንሹራንሱ ይህን ያውቃል ባይባልም ተጠቃሚ ነው። አንድ ሰው የተላከለትን እምቢታ ለማንም ማሳየት ካልቻለ፣ እምቢታው ያለ ተቃውሞ ይጸናል።

ደብዳቤው የሚለው ባጭሩ ይህን ነው፦ ከወሲብ ችግር ጋር የተያያዘ አገልግሎት፣ መንስኤው ምንም ይሁን ምን፣ አይሸፈንም።

«መንስኤው ምንም ይሁን ምን» የምትለዋን እዩልኝ። መንስኤው የካንሰር ሕክምና ነው። የካንሰሩን ሕክምና ይሸፍናሉ፤ ያ ሕክምና ያደረሰውን ጉዳት ሲያዩ ግን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰውዬውን ከወንዝ አውጥተህ እግሩን ስትሰብረው፣ «የእኔ ሥራ ከውሃ ማውጣት ነው፣ ስብራት አላክምም» እንደማለት ነው።

መሳሪያውን ለማታውቁት ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የሚታጠፍ ዘንግ ነው፤ ቀላል ነው፣ ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም። ሁለተኛው በውሃ የሚሰራ ነው። ብልት ውስጥ ሁለት ቱቦዎች ይገባሉ፣ የዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ትንሽ ፓምፕ ይቀመጣል፣ ሆድ ውስጥ ከሽንት ፊኛ አጠገብ ደግሞ የጨው ውሃ የያዘች ከረጢት ትቀበራለች። ፓምፑን ሲጫኑት ውሃው ወደ ቱቦዎቹ ይሄዳል፤ መልቀቂያውን ሲጫኑ ይመለሳል። ይህን በውሃ የሚሰራውን ዓይነት ያስተዋወቁት ብራንትሊ ስኮት የሚባሉ የሂውስተን ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው፣ በፈረንጆች 1973። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ «ገና ሙከራ ላይ ነው» የሚል ካለ አትስሙት።

እንግዲህ ማሽን ነው። ቱቦ ይሰነጠቃል፣ መገጣጠሚያ ያፈሳል፣ ፓምፕ ይደክማል። ብዙዎቹ አስር ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላሉ፤ አንዳንዱ ቀድሞ ይሄዳል። ሐኪም ከመትከሉ በፊት ይህን ለታካሚው ይነግረዋል፤ ኢንሹራንሶችም አሳምረው ያውቁታል። ፋብሪካው ዋስትና ይሰጣል፣ እውነት ነው፤ ግን በአብዛኛው ዕቃውን ብቻ ነው። ሐኪሙን፣ ሰመመን ሰጪውን፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉን አይከፍልም። ያ ሁሉ ተደምሮ አሜሪካ ውስጥ በአስር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። አስር ሺህ ብቻ እንኳ ብንል በእኛ ፍራንክ ከ1 ሚሊዮን 770 ሺህ በላይ ነው። ሌሊት መኪና ማቆሚያ የሚጠብቅ ሰው ይህን ከየት ያመጣል?

ያፈሰሰው የጨው ውሃ ስለሆነ ሰውነት ይመጠዋል፣ አይመርዝም። ኢንሹራንሱም ይህችን ይዞ «አስቸኳይ አይደለም» ይላል። መሳሪያው ኢንፌክሽን ከያዘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ መውጣት አለበት፤ ወጥቶ ቶሎ ካልተተካ ደግሞ ውስጡ ጠባሳ ይሰራል፣ ብልት ያጥራል፣ በኋላ የሚደረገው ተከላ እጅግ ይከብዳል። «ማውጣቱን እንከፍላለን፣ መተካቱን አንከፍልም» የሚል ውሳኔ የደረሰው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገርና በጽሑፍ ያስቀምጥለት።

እኛ እድር እናውቃለን። እድር ድንኳን ይገዛል። ድንኳኑ በፀሐይና በዝናብ ተቀዶ ሲያልቅ ዳኛው ተነስቶ «ድንኳን አንዴ ገዝተናል፣ ከእንግዲህ ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ» ቢል እዚያው ነው የምንሽረው። መዋጮ በየወሩ የሚሰበሰበው ዕቃ ስለሚያልቅ ነው። አጎቴም በየወሩ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። አንድም ወር አላለፈውም።

ሕግ ቢኖር እንዲህ እንደማይሆን ማሳያ አለ። አሜሪካ በ1998 ዓ.ም በፈረንጅ አንድ ሕግ አወጣች፦ የጡት መቆረጥን የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ጡቱን መልሶ መስራትንም፣ ሰው ሰራሽ ጡትንም፣ ከዚያ የሚመጣውን ችግርም መሸፈን አለበት። ኢንሹራንሱ ለሴትየዋ «ካንሰሩ ወጥቶልሻል፣ ሌላው ቁንጅና ነው» እንዳይላት ማለት ነው። እሰየው። ሴቶች ጮኸው፣ አደባባይ ወጥተው፣ ጡታችን ብለው በስሙ ጠርተው ያገኙት ነው። ፕሮስቴቱ ለተቆረጠ ወንድ የሚሆን ተመሳሳይ የፌዴራል ሕግ የለም። ለምን የለም? አንዱ ምክንያት ብልቴ ብሎ ምክር ቤት ፊት የሚቆም ወንድ መጥፋቱ ይመስለኛል። እኛ ወንዶች በዚህ ነገር ላይ ቀልድ እንጂ አቤቱታ አናውቅም።

የሚገርመው፣ ዕድሜያቸው 65 የሞላቸውን የሚያክመው ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሐኪም አስፈላጊ ነው ካለ ይህን ተከላ ይሸፍናል። ስለዚህ መንግሥት ራሱ ሕክምና መሆኑን አምኗል። አጎቴ ግን 61 ዓመቱ ነው። ለእሱና ለሚስቱ «አራት ዓመት ጠብቁ» ማለት ቀላል ይመስላል፣ ለሚለው ሰው። (ያው ሜዲኬርም ቢሆን ጉድ አለው፤ ለዚሁ ችግር የሚሆነውን ርካሹን የእጅ ፓምፕ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ መክፈል አቁሟል። ውዱን ይከፍላል፣ ርካሹን አይከፍልም።)

አሁን አንዳንዶቻችሁ በኮመንት የምትሉትን አስቀድሜ ሰምቼዋለሁ። «መምህር፣ እኛ እዚህ ለልጅ ትኩሳት መድኃኒት እያጣን፣ አንተ ስለዚህ ትጽፋለህ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም አሊ አዴህ መጠለያ ያሉ ዘመዶች አሉኝ። ግን መልሱ «ዝም በል» አይደለም። ጅቡቲ በ2014 ሁሉን አቀፍ የጤና መድን ሕግ አወጣች፤ ለሚያዋጣው ሠራተኛ አንድ ክንፍ፣ ለድሃው ደግሞ ፓስ የሚባል ሌላ ክንፍ አለው። በጥር 2017 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ስደተኛው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። አገር ቤትም የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ከደሞዝ የሚቆረጠው ሲዘገይ ነው የኖረው፤ የማይሸፈኑት ነገሮች ዝርዝር ግን ቀድሞ ተጽፏል። የሰውነት ክፍል ንቅለ ተከላ፣ መነጽር፣ ሰው ሰራሽ ጥርስ ሁሉ አይሸፈንም። በየአገሩ ዝርዝሩን የሚጽፍ ሰው አለ። የማይናገር ሕመም ሁልጊዜ «አይሸፈንም» ከሚለው ዓምድ ሥር ይገባል።

ቅንጦት ነው ለሚለኝ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። በመካከላችን እስር ቤት ውስጥ ብልቱ ላይ ድብደባና ኤሌክትሪክ ያለፈበት ሰው የለም? ስም አልጠራም፤ ግን አለ፣ ታውቃላችሁ። ዩኤንኤችሲአር ራሱ በ2012 ጾታዊ ጥቃት ስለደረሰባቸው ስደተኛ ወንዶችና ወንድ ልጆች ለሠራተኞቹ መመሪያ አውጥቷል፤ ወንዶች ስለሚያፍሩ በጥንቃቄ ጠይቋቸው ይላል። ያ ሰው ነገ ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ገብቶ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕክምናው ቅንጦት ነው ልትሉት ነው?

ዝምታው እዚህም ሰው እየጎዳ ነው። ከሰዓት ጫት ሲገባ መብረዝ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረዋን ክኒን ታውቋታላችሁ። ማን እንደሰራት፣ ውስጧ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የዚያን ዓይነት ክኒን ከላዩ ከዋጠ የደም ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት ይችላል። ደግሞም ስንፈተ ወሲብ ብዙ ጊዜ የስኳር ወይም የደም ሥር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ነው። ሐኪም ጋ ሄዶ ስኳሩንና ግፊቱን መለካት የሚገባው ሰው ክኒን ገዝቶ ይስቃል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስና፣ ውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችን፣ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ፣ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

እምቢታው ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። አጎቴ ደብዳቤውን ለሁለት ወር ትራስ ሥር ደብቆት ነበር፤ ቢሆንም ደርሰናል። ሕክምናው ገና ካልተደረገ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። ፋይላችሁን በነጻ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ግዴታቸው ነው። ሙሉውን የውል ሰነድም አሰሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከሚሰጧችሁ አጭር ማጠቃለያ ላይ ብዙ ነገር አይታይም። ትልልቅ ድርጅቶች ላይ የምትሰሩ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚከፍለው አሰሪው ራሱ ነው፣ ኢንሹራንሱ ወረቀት አገላባጭ ነው። የማይሸፈነውን የመረጠውም አሰሪው ነው። ስለዚህ የሠራተኛ አስተዳደሩን በርም አንኳኩ፤ እነሱ ቃል ካልተነፈሰላቸው አይለውጡትም።

ሐኪሙ የሚጽፈው ደብዳቤ ላይ «ስንፈተ ወሲብ» የሚለው ቃል ብቻውን እንዳይቆም። የካንሰር ሕክምናው ያስከተለው ጉዳት መሆኑ፣ ገላ ውስጥ ያለ የተበላሸ መሳሪያ መሆኑ፣ ሌላው ሕክምና ተሞክሮ አለመሥራቱ በቀን በቀኑ ይጻፍ። የውስጥ ይግባኙም ውድቅ ከሆነና ምክንያታቸው የሕክምና ፍርድ ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። «አይሸፈንም ተብሎ ውሉ ላይ ተጽፏል» ብቻ ካሉ ያ በር ይጠባል፤ ስለዚህ ነው ከመጀመሪያው ክርክሩ ወደ ሕክምናው እንዲዞር የምለው።

የአጎቴ ይግባኝ ባለፈው ሳምንት በአደራ ደብዳቤ ተልኳል፣ አምስት ገጽ ከሐኪሙ ማስረጃ ጋር። መልሱ ሲመጣ፣ ምንም ይሁን ምን፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያላችሁ፣ ለልጆቻችሁ ማሳየት የከበዳችሁ፣ ስማችሁንና የአባልነት ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሐሙስ ማታና ዓርብ ጠዋት አነባለሁ። በሌላው ቀን ፈተና እያረምኩ ነው፣ አትቆጡኝ።