ከጭንቅላቱ በፊት እግሩ

በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የተሰኘችው ሮቦት አዲስ አበባ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በተገናኘች ጊዜ፣ ከሶፍትዌሯ ከፊሉ በአይኮግ ላብስ ባለሙያዎች መሠራቱ ብዙዎቻችንን አኩርቶናል። ኩራቱ ተገቢ ነው። ይሁንና የተማሪዎች የሮቦት ውድድር የሚጀመረው ከሻሲው ነው፤ ጎማው የሚንሸራተት፣ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ሮቦት የቱንም ያህል ብልህ ፕሮግራም ቢጫንበት ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ለመሆኑ ይህን ዕውቀት ለዳንግላና ለእንጅባራ ልጆች ለማስተማር ባሕር መሻገር ያሻልን? የፈረስ ጋሪ ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ስለሚሄድ ፈጥኖ ይዞራል። በግራና በቀኝ ሞተር የሚነዳ ሮቦትም የሁለቱን ጎማዎች ፍጥነት በማበላለጥ ይታጠፋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያሳየውን ግልቢያ እያዩ ያደጉ ልጆች፣ የሞተር አቅም «በፈረስ ጉልበት» ይለካል ቢባሉ አይደናገሩም።

ባዕድ የሆነባቸው የትምህርት ቤቱ ደጅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ተፋላሚ ወገኖች ሁሉ ትምህርት ቤትን ከውጊያ ነፃ ሊያደርጉ ይገባል። እኛም መምህራን የዩኒቨርሲቲዎቻችንን ወርክሾፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንክፈት፤ ሁለት ሞተር፣ ባትሪ፣ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ቦርድና ቁራጭ ጣውላ ለመነሻ ይበቃል። ልጆቹን ከክፍል ውጭ ያስቀረ አገር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቢናገር፣ ጭንቅላት እንጂ እግር የለውም።

ቸር ይግጠመን።