በቃል ያለ ይረሳል

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። ይህ አባባል ለኮምፒውተር ክፍላችንም ይሠራል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ግድ የለም፤ መጀመሪያ ይነበብ፣ ከዚያ ይሳቅ።

ድረ ገጽ መሥራት የምንማር ሠልጣኞች ብዙውን ጊዜ «እዚህ ጋ ተጫን፣ ቀጥሎ እዚያ ጋ ተጫን» እየተባልን ነው የምንማረው። መምህሩ ከክፍል ሲወጣ ቅደም ተከተሉም አብሮት ይወጣል! ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበትን ጥቁር መስኮት፣ ተርሚናል የሚሉትን፣ እንደ ጅብ እንሸሸዋለን። እኔ የምለው ግን መጀመር ያለብን ከእሱ ነው።

ለምሳሌ ጃንጎ የተባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ እንውሰድ። የተወጠነው በአሜሪካ፣ በካንሳስ፣ በአንድ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ሲሆን ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። «ስታርትፕሮጀክት» ብሎ ስም ለሰጠ ሰው የሥራው ማህደር ከነመነሻ ፋይሎቹ ይዘጋጅለታል። «ማይግሬት» ሲል የመረጃ ቋቱ ሠንጠረዦች ይሰናዳሉ። «ራንሰርቨር» ሲል ድረ ገጹ እዚያው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፤ መሣሪያው አስቀድሞ ከተጫነ ኢንተርኔት አያሻውም። ሦስት ትእዛዝ፣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በደብተር የሚገለበጥ!

ያደግሁት አፍደም ነው። የባቡር ጣቢያ ልጅ እንደሚያውቀው በአንድ ሐዲድ ላይ ባቡር በግምት አይነሳም፤ ትእዛዝ ይጠብቃል። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው። ትእዛዙ ተጽፎ ስለሚቀር ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መምህሩም ተማሪውም ያዩታል።

«ትእዛዙ እንግሊዝኛ ነው፤ አንድ ስሕተት ደግሞ የስንት ቀን ሥራ ያጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። «አርኤም» የሚለው ትእዛዝ ፋይል ሲሰርዝ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት አይልከውም፤ ሄደ፣ ሄደ ነው። ስለዚህ «ጊት»ን አስቀድመን እንማር። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ይህ መሣሪያ «ኮሚት» በተባለ ቁጥር ሥራው የደረሰበትን ይመዘግባል። መዝገቡ ራሱ እስካልጠፋ ድረስ የተሰረዘው ይመለሳል። የእንግሊዝኛውንም ቃል ትርጉም በአማርኛና በሶማሊኛ ከጎኑ መጻፍ ምን ይከብዳል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ሲጀመር የድረ ገጽ ፕሮግራም ትምህርትም በኢንተርኔት በነፃ ቀርቧል። መልካም ነው። ታዲያ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ማንን ይጠይቅ? እኛን ነዋ! የምናውቀው መጫን ብቻ ከሆነ እኛ ስንዛወር ያቋቋምነውም ሥራ አብሮን ይሄዳል። ትእዛዙን በደብተሩ ጽፈንለት ከሄድን ግን ይወረሰዋል።

የሚቃወመኝ ካለ ብዕሩን ያንሳና ከጽሑፌ ጎን ይለጥፍ። ቦታ አለ።