ሐሩር ይሻላል ወይስ ቁር?

ሰው የሚኖርበትን አገር ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃው፥ ስለ ገበያውና ስለ ጎረቤቱ ይመስለናል። ነገር ግን በእኛ አገር ትምህርቱን ጨርሶ የመንግሥት ሥራ የሚጠብቅ ወጣት የምድብ ወረቀቱን በተቀበለ ጊዜ ከአፉ የምትወጣው የመጀመሪያዪቱ ጥያቄ አንዲት ናት፤ ይህችውም «ቆላ ነው ደጋ?» የምትል ናት። ደጋ ነው የተባለ እንደ ሆነ ፊቱ ይፈታል። ቆላ ነው የተባለ እንደ ሆነ ግን ወዳጆቹ ሊያጽናኑት ይሰበሰባሉ። ከእኛ ጋር ከተመረቁት መካከል ለአንዱ ጋምቤላ፥ ለሌላው መንዝ መሐል ሜዳ ደረሳቸው። ለጋምቤላው ጓደኞቹ ሁሉ አዘኑለት፤ የመሐል ሜዳውን ግን «ባና ግዛ» ብለው ከመሣቅ በቀር ከልቡ ያዘነለት አልነበረም። እኔ በበኩሌ የማዝነው ለዚሁ ለሁለተኛው ነው። ምክንያቴንም ላስረዳ።

አባቶቻችን ምድሩን በሜትር ሳይለኩ፥ በሚበቅለው እህልና በሚለብሱት ልብስ ከፍለውታል። የዛሬ የጂኦግራፊ መጻሕፍት ለዚያው አከፋፈል ቁጥር ሰጡት፤ ይኸውም ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር እስኪደርስ በረሃ፥ እስከ 1,500 ቆላ፥ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፥ እስከ 3,200 ደጋ፥ ከዚያ በላይ ያለው ውርጭ ነው። ሽቅብ በተወጣ ቍጥር በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በጥቂቱ በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያሻም፤ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ደጀን በሚሻገር አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ይበቃል። ከአፋፉ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተሳፈረው መንገደኛ፥ አንድ ሺሕ ከሚያህል ሜትር በላይ ቍልቍል ወርዶ ድልድዩ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ሸሚዙን ይፈታል፤ ደጀን ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይከናነባል። በመካከሉ «መስኮት እንክፈት» ያለ ሰው ቢኖር ተሳፋሪው ሁሉ «ብርድ ልታስመታን ነው!» ብሎ እንደሚነሣበት የታወቀ ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይህ ነው። እኛ በተለይ የደጋ ሰዎች፥ ወገባችንን ቢያመን ብርድ ነው እንላለን፤ ሆዳችንን ቢቈርጠን ብርድ ነው፤ ጥርሳችንን ቢጠዘጥዘንም ብርድ ነው። እንዲህ አድርገን የከሰስነውን ብርድ፥ የመኖሪያ ምርጫ የመጣ እንደ ሆነ በነጻ እናሰናብተውና ሙቀትን ብቻ እንኰንናለን።

እርግጥ ነው፥ ደጋን መውደዳችን ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በቆላ ሁለት ብርቱ ጠላቶች ነበሩ። አንደኛው ገንዲ ነው። ጼጼ የምትባለው ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ቆላ ከብቱን ይፈጃል፤ በሬ በማይኖርበት ማረሻ አይኖርም፤ ማረሻ በሌለበት ደግሞ ከደጋ የወረደ ገበሬ ምን ሠርቶ ይበላል? ሁለተኛው ወባ ነው። አባቶቻችን የትንኟን ሥራ ባያውቁም፥ ቆላ ወርዶ ያደረ ሰው በንዳድ ተይዞ እንደሚመለስ ያውቁ ነበርና፥ በብዙ ስፍራ ቀን ቆላውን አርሰው ለማታ ወደ ደጋ ይወጡ ነበር። እንግዲህ የሸሹት ሙቀቱን አልነበረም፤ በሙቀቱ ውስጥ የሚኖረውን ነበር እንጂ። እኛ ልጆቻቸው ምክንያቱን ረስተን ፍርዱን ብቻ ወረስን።

ብርዱንም ቢሆን የሚያህል አጥተው እንጂ ወደውት የኖሩት አይመስለኝም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምእት ዓመት ደብረ ብርሃን ላይ ከተማቸውን አድርገው ብዙ ዓመት መቀመጣቸው እውነት ነው። ነገር ግን ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድና ነፋስ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን መቈርቈራቸውም እንዲሁ እውነት ነው። የዛሬዪቱ ዋና ከተማችን ከብርድ ሽሽት የተወለደች ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ወደ ደጋ መሸሽም ሁልጊዜ አላዳነም። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. በቆየው ታላቅ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው በወባ ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። ወረርሽኙ የበረታውም በዝቅተኛው ቆላ አልነበረም፤ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለውና ሕዝቡ በሽታውን ባልለመደበት አገር ነበር እንጂ። ከዚህ ጋር የቅርቡን ዘመን እናስተያይ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ከዓመቱ መባቻ እስከ ኦክቶበር 20 ድረስ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ሲመዘገቡ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። አንደኛው ግምት፥ ሁለተኛው መዝገብ ስለ ሆነ ልክ ለልክ አይመዛዘኑም። ሆኖም አጎበር፥ ምርመራና መድኃኒት ምን ያህል ነገሩን እንደ ለወጡት ለማየት ያስችላሉ። ወባ ዛሬም ቀላል አይደለም፤ አንድ ሺሕ ከመቶ ሰው የቀበረ በሽታ ቀላል አይባልም። ይልቁንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችውና በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባው አዲስ ዐይነት ትንኝ፥ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ምን እንደ ሠራች ታይቷል። ነገር ግን ይህ የጤና ጥበቃ ሥራ ነው፤ የአየሩ ጥፋት አይደለም።

ይህን ስጽፍ ሳይመርጡ የወረዱትን አልረሳም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው በሰፈራ ስም ወደ ጋምቤላ፥ ወደ መተከል፥ ወደ ወለጋና ወደ ሌላም ስፍራ አግዟል። ከእነዚህ የደጋ ልጆች ብዙዎቹ በወባና በሌላ በሽታ አልቀዋል። በግድ የተጋዘ ገበሬና በደመወዝ የተላከ ምሩቅ አንድ አይደሉም። ቆላውን የምናማው እኛ አጎበር ይዘን፥ የመድኃኒቱን ስም አውቀን፥ የዕረፍት ፈቃዳችንን ቈጥረን የምንወርድ ነን።

ሁለተኛው ክስ ሙቀት አእምሮን ያደነዝዛል፥ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል የሚለው ነው። ይህ ነገር አሮጌ ነው። ሞንቴስኪዩ የተባለው ፈረንሳዊ በ1748 ባሳተመው ስለ ሕግ በጻፈው መጽሐፉ፥ የበግ ምላስ በበረዶ አቀዝቅዞ እንደ ተመለከተ ከተረከ በኋላ፥ ከዚህ ተነሥቶ የቀዝቃዛ አገር ሰው ብርቱና ደፋር፥ የሙቅ አገር ሰው ፈሪና ታካች ነው እስከ ማለት ይደርሳል። ከአንዲት የበግ ምላስ ይህን ያህል ፍርድ ማውጣቱ ድፍረቱን ያሳያል። የግብፅን ፒራሚድ ያቆሙት፥ በመርዌ ብረት ያቀለጡት ሰዎች በውርጭ አገር የኖሩ አልነበሩም። የሆነ ሆኖ ነገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም። ሲንጋፖርን ከ1959 ጀምሮ የመሩት ሊ ኳን ዩ፥ ሥልጣን እንደ ያዙ አስቀድመው ካደረጉት ነገር አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ በሚሠራበት ሕንፃ አየር ማቀዝቀዣ ማስገባት እንደ ነበረ ተናግረዋል። እኚህ ሰው ወበቅ የሥራ ጠላት መሆኑን ዐውቀዋል፤ ነገር ግን አገራቸውን ለቀው ወደ ተራራ አልወጡም።

ስለ ሰውነታችንም ጥቂት ልበል። ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይሠቃያል፤ ራሱን ያመዋል፥ ልቡ ይመታል፥ እንቅልፍ ያጣል። ነገር ግን ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ሰውነቱ ራሱን ያስተካክላል። የደሙ ውሃ ይበዛል፤ ላቡ ቶሎና በብዛት ይወጣል፤ ከላቡ ጋር የሚሄደው ጨው ይቀንሳል፤ የልቡም ምት ይረጋጋል። ሰው ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ በላብ የታደለ ፍጡር ነው። ለብርድ ግን እንዲህ ያለ ስጦታ አልተሰጠንም፤ በብርድ አገር ሰው የሚድነው በሰውነቱ ሳይሆን በልብሱ፥ በእሳቱና በቤቱ ነው። (ድንቅነሽ የተገኘችው በአፋር ሐዳር እንጂ በደብረ ብርሃን አይደለም ብዬ ወዳጆቼን እተርባለሁ፤ ያን ጊዜ አገሩ የዛሬውን ያህል በረሃ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።) እንግዲህ ከተመደበበት ቆላ በአምስተኛው ቀን የዝውውር ማመልከቻ የሚጽፍ ወጣት፥ ሰውነቱ ሥራውን ሳይጨርስ ፍርድ የሰጠ ነው።

ለሙቀቱም ወሰን እንዳለው አልክድም። ላብ የሚያቀዘቅዘን ሲተንን ነው፤ አየሩ በእርጥበት የተሞላ እንደ ሆነ ግን ላቡ በገላ ላይ ይንቆረቈራል እንጂ አይተንንም። ስለዚህ በአፋር ደረቅ ሐሩር አርባ ዲግሪ የሚችል ሰው በባሕር ዳርቻ ወበቅ ከዚያ ባነሰ ዲግሪ ይዝላል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር 35 ዲግሪ ባሳየበት ስፍራ፥ ጤነኛ ሰው እንኳ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ከጥቂት ሰዓታት በላይ መኖር እንደማይችል ሊቃውንት ይናገራሉ። ዓለምም እየሞቀች ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር 2024 መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ የሞቀው ነበር። ነገ የልጆቻችን ቆላ የዛሬው ቆላ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ግን ጋምቤላም ሆነ ድሬዳዋ፥ ጎዴም ሆነ አሶሳ፥ ሰው የሚኖርበት፥ የሚያገባበትና ልጅ የሚያሳድግበት አገር ነው። ጉባ ላይ ከ2003 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ታላቁን ግድብ የሠሩት ሰዎች ያን ሥራ የፈጸሙት በሐሩር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ። «ለብርድ ልብስ አለው፤ ለሙቀት ምን አለው?» የሚለውን ክርክር ያልሰማ የለም። ይህን የሚለው ሰው ግን ሁልጊዜ ልብስ ያለው ሰው ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ምድሩን ነጭ አድርጎ ሲያነጋው፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ እግሩን እንመልከት። ሙቀት ከድኻ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጥላና ውሃ ይበቃዋል። ብርድ ግን በየቀኑ ግብር ያስከፍላል፤ ብርድ ልብስ፥ ጫማ፥ ማገዶ፥ ከሰልና የሚያሞቅ ምግብ ይፈልጋል። ማገዶውም ቤቱን በጢስ ይሞላል፤ እናቶች ዐይናቸውን፥ ሕፃናት ሳንባቸውን ይከፍሉበታል። በሩን ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው ያልነቁትንስ ማን ይቈጥራቸዋል? ተስቦና ግርሻም በቅማል የሚተላለፉ የብርድ አገር በሽታዎች ናቸው፤ ሰው ልብስ ደራርቦ ሲለብስና ገላውን መታጠብ ሲፈራ ይበረታሉ። ገበሬውም ቢሆን ያፈራ ባቄላውን በአንድ ሌሊት ውርጭ ሲያጣ የሚያጽናናው የለም።

ከዚያም በላይ ብርድ በር ያዘጋል። በደጋ ከተማ ማታ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰው ሁሉ ተከናንቦ ከቤቱ ይገባል። በድሬዳዋ ግን ከተማው የሚነቃው ያን ጊዜ ነው፤ ሽማግሌው ሽርጡን አገልድሞ ከደጁ ይወጣል፥ ልጆች ይጫወታሉ፥ ጎረቤት ከጎረቤት ይነጋገራል። አዲስ ገብ ሠራተኛ ሰው የሚለምደው እንዲህ ባለው አገር ነው። መጽሐፍ ማንበብስ? ቢባል፥ በብርድ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ አንድ ገጽ ለመግለጥ እጁን ማውጣት የሰነፈ ተማሪ ሁሉ መልሱን ያውቃል። በሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን በጃንዩዌሪ ከዜሮ በታች ወደ አሥር ዲግሪ በሚወርደው ብርድ እንዴት እንደሚኖሩ ሲጽፉልን፥ በዱባይ ያሉት ደግሞ ስለ ኦገስት ወበቅ ሲያማርሩ፥ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ማሽን ነው፤ አንዱ ስለ ማሞቂያው፥ ሌላው ስለ ማቀዝቀዣው።

በእኛ ዘንድ ቆላውን ይበልጥ የሚያስመርረው ፀሐይ ሳትሆን እኛው ይዘነው የምንወርደው ደጋ ነው። ለደብረ ብርሃን የታሰበ የቢሮ ፕላን ሳይለወጥ ለአሳይታ ይሠራል። ጣራው ቆርቆሮ፥ ኮርኒሱ ዝቅተኛ፥ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ፀሐይ የተከፈተ መስተዋት ይሆናል። የአፋር ሰው ግን በሰሌን የሸፈነው ቤቱ ነፋስ እንዲያሳልፍለት ያውቃል፤ ማንም መሐንዲስ ሄዶ አልጠየቀውም። በዚያ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ ወጣቱ ሹም ሙሉ ሱፉን ለብሶ፥ ከረባቱን አጥብቆ፥ በላብ ተጠምቆ ባለጉዳይ ያስተናግዳል። «አገሩ አይመችም» የሚል ሪፖርትም ይጽፋል። ከረባት ያላሰረ ሹም አይከበርም የሚለው ማን ነው? ባለጉዳዩ ራሱ ሽርጥ አገልድሞ መጥቷል።

ስለ በረሃ አበልም አንድ ነገር እላለሁ። ገንዘቡ ይገባል፤ አልቃወምም። ነገር ግን አበሉን እንደ ቅጣት ካሣ ቈጥረን ስንወርድ፥ በዚያ የተወለደውን ሰው በምን ዐይን እያየነው ነው? እርሱ አገሩ ነው፤ አበል የሚከፍለው የለም። ከእርሱ የሚፈለገው አስተማሪው በየዓመቱ አጋማሽ እየተሰወረ፥ ነርሷ በሁለት ወሯ እየተዛወረች፥ ልጆቹ ያለ ትምህርት፥ ሚስቱ ያለ አዋላጅ እንዲቀሩ ነው። በደጋ ወዳድነታችን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ጋምቤላ የደረሰው ጓደኛችን አሁን ሥራ የሚጀምረው በማለዳ፥ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ቀትሩን ያርፋል፤ ማንጎ ይበላል፥ ከባሮ የወጣ ዓሣ ይበላል፥ ማታ ወንዙን ዳር ይዞ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ ልመለስ ብሎ ጽፎልን ነበር፤ ሦስተኛው ደብዳቤ አጎበርና ሁለት ስስ ሸሚዝ እንድንልክለት ብቻ የሚጠይቅ ነው። የመሐል ሜዳው ግን ሰሞኑን የጻፈልን ዕጣ መለዋወጥ ይፈቀድ እንደ ሆነ የሚመለከተውን ክፍል እንድንጠይቅለት ነው። እኔም ጠይቄለታለሁ፤ መልሱ ገና አልመጣም።