ጡቷ ሳይነጥፍ

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በየሰፈራችን በር ላይ ቀስ እያለ የሚገባውን ነገር እኔ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ጥርሴን የነቀልሁት በሕፃናት ሕክምና ክፍል ውስጥ ነውና። እርግብግቢቱ የጎደጎደ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ የሰረገ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ ወደ ቦታው ለመመለስ የሚዘገይ ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ ድሃ እናት ስትጠየቅ መልሷ ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ ሥራ ገባሁ፣ ወተቴ ነጠፈ፣ ጡጦ ጀመርሁለት ትላለች። እኛ በካርዱ ላይ ተቅማጥ ብለን እንጽፋለን። ከተቅማጡ በፊት ግን እናቲቱ ሳትወድ ከልጇ የተለየችበት ቀን አለ፤ ያ ቀን በየትኛውም ካርድ ላይ አይጻፍም።

በችግረኛ ቤት ጡጦ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያላያችሁ ካላችሁ እነሆ። እናት ገና ሳይነጋ ለእንጀራ ጋገራ ወይም ለልብስ አጠባ ሰው ቤት ትሄዳለች፤ ሕፃኑ የሚቀረው ራሷ ልጅ ከሆነች እህቱ ጋር ነው። ልጅቱ ከጀሪካን ውሃ ቀድታ ጡጦውን ትሞላለች፤ ከሰል ውድ ነውና ውሃው አይፈላም። በዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ዱቄት ነው፤ እሷ ግን ለሙሉ ጡጦ ሁለት ማንኪያ ታደርጋለች፣ እናቷ ቆጥቢ ብላታለችና። በልኩ ቢበጠበጥ 400 ግራም የሚይዘው ቆርቆሮ ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ቤት ግን ወር ማድረስ አለበት። የተበጠበጠው ነጭ መስሎ ይታያል፤ ሕፃኑም ሆዱ በውሃ ሞልቶ ዝም ብሎ ይተኛል፤ ዝም ማለቱንም ሁሉም እንደ ጥጋብ ይቆጥረዋል።

ይህ መንገድ የት እንደሚያደርስ ዓለም በእኛ ዕድሜ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብዙ የአፍሪካና የእስያ ከተሞች ነጭ ጋውን የለበሱ ሴቶች ከዱቄት ወተት ኩባንያዎች እየተላኩ በማዋለጃ ክፍሎች የነፃ ቆርቆሮ ያድሉ ነበር። ነፃው ሲያልቅ የእናት ጡት ደርቆ ስለሚቆይ ድሃዋ የሌላትን ገንዘብ ለመክፈል ትገደዳለች፤ መክፈል ሲያቅታት ታቀጥነዋለች። ከብዙ ሕፃናት ሞትና ከረጅም ክርክር በኋላ የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን ገበያ የሚገዛውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድምፅ አጸደቀ፤ የተቃወመችው አንዲት አገር አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ወጣ እንጂ የተቀበሩት አልተነሡም።

እኛ ገና ከዚያ አልደረስንም፤ የምጽፍላችሁም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት 59 በመቶው የእናታቸውን ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከእጃችን ያልወጣ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ይህን ሀብት የተሸከሙት አቅም ያነሳቸው እናቶች መሆናቸውን ልብ በሉ፤ የተሸከሙትም ብቻቸውን ነው። የእናት ጡት ወተት የማይገዛ በመሆኑ ዋጋ የለውም ብለን ስለምናስብ፣ የሚሠራው ከእናቲቱ እህል፣ ከውሃዋ፣ ከእንቅልፏና ከጊዜዋ እንደሆነ ዘንግተናል። የምታጠባ ሴት ከወትሮዋ በላይ በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልጋታል፤ ጡቷም ወተት የሚያመርተው ልጁ ደጋግሞ ሲጠባው ነው፤ ከማለዳ እስከ ማታ ከተለየችው ሰውነቷ ልጅ የለም ብሎ ያቆማል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሳይማሩ ያውቁት ነበር። አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ገንፎና አጥሚቱ ከጎረቤት ይመጣል፣ ልጇ ወንድ ከሆነ እስከ አርባ ቀኑ፣ ሴት ከሆነች እስከ ሰማንያዋ ከባድ ሥራ አይነካትም። (እንገሩን ለሕፃኑ ይከብዳል እያሉ የሚያስጨምቁ፣ ቅቤ የሚያቀምሱ አያቶች እንደነበሩ፣ ዛሬም እንዳሉ አውቃለሁ፤ እሱ ይቅር፣ የመጀመሪያው ቢጫ ወተት ለሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባቱ ነው።) አሁን ያ ጎረቤት ተበትኗል። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲከፋፈል፣ ሕፃን ሲያለቅስ ግድግዳ የሚያንኳኳ እንጂ ገብቶ የሚያቅፍ እየጠፋ ነው፤ በአንድ ክፍል የኪራይ ቤት የወለደች የጉሊት ነጋዴም ወገቧ ሳይጠና ሕፃኗን አዝላ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች።

ሕጉም ቢሆን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል፤ ሐኪም ግን ስድስት ወር ጡት ብቻ ይላል፤ የቀሩትን ወራት ማን ይሙላቸው? በሰው ቤት የምትሠራዋ ደግሞ ከዚያ አዋጅ ጥላ ውጭ ናት። ለገጠሯ ድሃ ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነፍሰ ጡርንና አጥቢ እናትን ድጋፏ ሳይቋረጥ ከጉልበት ሥራ ያሳርፋታል። ማጥባት ሥራ ነው ብሎ መንግሥት አንድ ጊዜ አምኗል ማለት ነው። በከተማ ያለነው አሠሪዎች ይህን ለማመን ምን ይጎድለናል?

እዚህ ላይ ዓይናችንን ወደ ገዛ ቤታችን እንመልስ። የልጅ ልጃችንን የምትይዝልን ሠራተኛ ስንት ጊዜ የራሷን የጥቂት ወራት ሕፃን አገር ቤት ለእናቷ ትታ የመጣች ናት! ጡቷ እየሞላ ቀሚሷን ሲያረጥበው፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጨምቃ ስትደፋው፣ ወጥታ ደግሞ የእኛን ሕፃን ስታባብል አይተን እንዳላየን አልፈናል። ልጇን ይዛ እንድትመጣ መፍቀድ፣ ልጇ ቅርብ ከሆነም በየሦስት ሰዓቱ ሄዳ አጥብታው እንድትመለስ ማድረግ፣ ይህ ለእኛ ምን ያህል ይከብዳል? በንጹሕ ኩባያ የታለበ የጡት ወተት በቀዝቃዛ ቦታ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አደራ የተቀበለ ሰው በስኒና በማንኪያ ሊያጠጣው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ማጥባት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ጥበብ ነው፤ ሕፃኑ አፉን እንዴት እንደሚከፍት፣ የቆሰለ ጡት እንዴት እንደሚታከም፣ ወተት ያነሳት ሲመስላት አራስን ማን እንደሚያጽናናት፣ ይህን የምናውቀው እኛ ነን። አንድ ትውልድ በጡጦ ካደገ ልጃገረዶቹ የምታጠባ ሴት ሳያዩ ያድጋሉ፤ ሲወልዱ የሚነግራቸው አያት አይኖርም፤ ምክሩን ገንዘብ ያላት ትገዛዋለች፣ ድሃዋ ቆርቆሮ ፍለጋ ትሄዳለች። በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ማጥባት ያልቻለችውን እናት ማንም አይውቀሳት፤ የምናገረው እየቻለች ስለተከለከለችው ነው።

የእድሮቻችን ደንብ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚተከል፣ ከቀብር የቀረ አባል ስንት ብር እንደሚቀጣ ይዘረዝራል፤ አባል ስትወልድ ስለሚደረግላት ግን አንድ መስመር የለውም። ሕፃኑ ቢሞት ግን ሁላችንም ተሰብስበን እንቀብረዋለን። እኔ በእድሬ መጪው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ችግረኛ አራስ እስከ ስድስት ወር ከቀን ሥራ የምትቀርበትን መደጎሚያ፣ እንዲሁም የሰፈሩ አጥቢዎች ሕፃናት የሚውሉበትን አንድ ክፍል በአጀንዳ አስይዣለሁ። ክፍሉ እስኪገኝ ቤቴ ክፍት ነው። እናንተም በየእድራችሁ አስይዙት፤ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን ሳይዘጋ።