ተሳቢ የእንጨት ቤትን ስለ ማሸግና ስለ መቀባት

ቤት ሠርቶ ባንድ ስፍራ መቀመጥ የባላገር፥ ድንኳን ተክሎ ማደር የመንገደኛ ነው ሲባል ኖሯል። ዳሩ ግን ከድንኳን የጠነከረ፥ ከቤትም የቀለለ ማደሪያ መፈለግ የሰው ልጅ ጠባይ ነውና፥ በአሜሪካ አገር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1930ዎቹ ዠምሮ ብዙ ሰዎች በሁለት ጎማ ላይ የሚቆም ትንሽ የእንጨት መኝታ ቤት በገዛ እጃቸው እየሠሩ በኦቶሞቢል ኋላ መሳብን ለመዱ። የቤት ከስፍራ ወደ ስፍራ መሄድ ግን ለጋሞ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከሴቻ በላይ በጨንቻ ተራራ የሚኖሩት ዶርዜዎች ቀርከሃን እንደ ሽመና እየጎነጎኑ የሚሠሩት ቤት በአዲስነቱ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላውን ከታች ይቈርጡታል፥ ቤቱም በዚያው መጠን ያጥራል፤ ሲያስፈልግም ብዙ ሰው ተሸክሞ ወደ ሌላ ስፍራ ያዛውረዋል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ታላቅ ነው፤ ይኸውም እንጨት አይጠፋም ብሎ መመካት ሳይሆን፥ ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚመጣ አስቀድሞ ዐውቆ መዘጋጀት ነው።

ይህን ለመጻፍ ምክንያት የሆነን በሴቻ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጃችን ነው። ከዋንዛ ሳንቃና ከኮምፔንሳቶ ተሳቢ ቤት ሠርቶ፥ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋራ በዕረፍት ቀን ወደ ጫሞ ሐይቅ ሊወርድበት፥ ወደ ጨንቻም ሊወጣበት አስቧልና፥ «ውሃ እንዳይገባው በምን ልሸገው? በምንስ ልቀባው?» ሲል ጠየቀን። ቀጥሎም «ጨንቻ ብርድ ነውና፥ ቤቱ ደኅና ከታሸገ ጥቂት ፍም በማንደጃ ባስገባበት ሙቀቱ እስኪነጋ ይቆይልኛል» አለ። ለፊተኛው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ገንዘብ ያድናል፤ ለኋለኛው አሳብ የምንሰጠው ግን ነፍስ ያድናል። ስለዚህ ሁለቱንም ለቤተ ሰብ ሁሉ እንዲጠቅሙ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ውሃ መጠጣቱንና ውሃ መትፋቱን አይተውም። ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፥ ሲተፋ ይኰማተራል፤ በርዝመቱ ግን የሚለወጠው እጅግ ጥቂት ነው። ሴቻ ደግሞ ለእንጨት ፈታኝ አገር ነው፤ ፀሐዩ ብርቱ ነው፥ ዝናቡም በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያና በግንቦት፥ ዳግመኛም በመስከረምና በጥቅምት ይበረታል። ከዚህም ሌላ ተሳቢው ቀን በሐይቁ ዳር ሙቀት ውሎ ሌሊት በጨንቻ ጉም ውስጥ ያድራል። ስለዚህ ሳንቃው ዕረፍት የለውም፤ በየመጋጠሚያው የተቀባውም ቀለም አብሮ መሳሳብ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ከቀለሙ በስተኋላ ታስሮ ይቀራል። እንጨትን የሚያበሰብሰውም ሻጋታ የሚያድገው በእንጨቱ ውስጥ ያለው ርጥበት ከደረቅ ክብደቱ ከ100 እጅ 20 እጁን ሲያልፍ ነው። እንግዲህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀለም ብቻውን ውሃን አይከለክልም፤ መጋጠሚያው ካልታሸገ እንዲያውም የገባውን ውሃ እንዳይወጣ ያስረዋል።

ስለዚህ ሥራው በተራ ይሁን። መዠመሪያ እንጨቱ ይድረቅ፤ ዝናብ በሌለበት ወራት በጥላ ስር፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ይቈይ። እኛ ጸሐፊዎች እንደምናውቀው፥ ቀለሙ ሳይደርቅ የታጠፈ ደብዳቤ ጽሕፈቱ ይበላሻል፤ እርጥብ ሳይደርቅ የተቀባ ሳንቃም እንዲሁ ነው፥ ቀለሙ ተነፍቶ ይላጣል። ከደረቀ በኋላ እንጨቱን በአሠራሩ መሥመር እየተከተሉ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፥ ትቢያውንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ መጋጠሚያው፥ የመስኮቱ ዙሪያና የብሎኑ ቀዳዳ ሁሉ ይታሸግ። ለዚህ የሚሻለው ከደረቀ በኋላም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማሸጊያ ነው። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው የጄሶ ስቱኮ በውጭ ሥራ ላይ ቢገባ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። ሲሊኮን የሚባለውም ውሃ መከልከሉ እውነት ነው፥ ነገር ግን በላዩ ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ የሚቀባ ከሆነ ቀለም የሚቀበለውን የፖሊዩሬታን ማሸጊያ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ የሳንቃው ጫፍና የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ከሁሉ ይልቅ ይታሰብበት። እንጨት በጫፉ የሚጠጣው ውሃ በገጹ ከሚጠጣው እጅግ ይበልጣልና፥ ይህ ስፍራ ገና ሳይገጠም ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀባ ይገባዋል። አራተኛ መሠረት ቀለም አንድ ጊዜ፥ በላዩም የውጭ የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ስስ አድርጎ ይቀባ። ወፍራም አንድ ቅብ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ስስ ሁለት ቅብ ግን እስከ ውስጡ ይደርቃል። ነጭ ወይም ነጣ ያለ ቀለም የፀሐይን ሙቀት ስለሚመልስ ለሴቻ አገር ከጥቁርና ከቡናማ ይሻላል።

ቅቡ በውስጥም በውጭም መሆን አለበት። ባንድ ወገን ብቻ የተቀባ ሳንቃ በሌላው ወገን ውሃ ሲጠጣ ይጣመማልና። ኖኅም መርከቡን በሁለቱም ወገን በቅጥራን እንዲለቀልቅ መታዘዙ በኦሪት ተጽፏል። በኖርዌይ አገርም ቦርጉንድ በሚባል ስፍራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የተሠራው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ከጥድ ዛፍ በሚወጣ ቅጥራን እየተቀባ ከ800 ዓመት በላይ ቆሞ ይታያል። ያቆመውም የአንድ ቀን ቅብ ሳይሆን፥ ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ የደጋገመው ቅብ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው የተሳቢው ሆድ ነው። ጎማው የሚረጨው ጭቃ የሚያርፈው በዚያ ነውና፥ የላይኛውን ያህል ይቀባ፤ ብረቱም የዝገት መከላከያ ይቀባ። ጣራው ጠፍጣፋ ሳይሆን ዘንበል ይበል፤ የጣራው ጠርዝም ውሃው በግድግዳው ላይ እንዳይወርድ ጥቂት ወደ ውጭ ይውጣ።

ቀለሙን ስትመርጡ ስለ ልጆቻችሁ አስቡ። በአንዳንድ ቀለም የሚገባው እርሳስ የሚባለው ማዕድን የልጅን አእምሮ ይጐዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ምንም ያህል ቢያንስ የማይጐዳ መጠን እንደሌለው ያስረዳል። እርሳስ የሌለበት መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈበትን ምረጡ፤ አሮጌ ቅብም በደረቁ እየፋቃችሁ ትቢያውን አታስነሡ። ዳግመኛም እንጨትን በተልባ ዘይት የሚያሹ ሰዎች ይህን ይወቁ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋራ እየተዋሐደ ይሞቃልና፥ በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ በማዕዘን ቢጣል ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግቶ በውጭ ማድረቅ፥ ወይም በውሃ በተሞላና በተከደነ ቆርቆሮ መጨመር ይገባል። ይህንም የቤቱ ጌታ ብቻ ሳይሆን፥ ቤቱን የሚጠርገው አሽከርም ይወቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቤቱ ከውሃ ይታሸግ እንጂ ከአየር አይታሸግ። ሁለት ሰዎች አንድ ሌሊት ሲተኙ በትንፋሽና በላብ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ያወጣሉ፤ መውጫ ካጣ ይህ ሁሉ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ወርዶ በውጭ የተከለከለውን ብስባሽ በውስጥ ያመጣዋል። ስለዚህ ባንድ ወገን ከታች፥ በሌላው ወገን ከላይ፥ የማይዘጉ ሁለት መተንፈሻዎች ይበጁ። አርባ ምንጭና አካባቢው ወባ ያለበት አገር ነውና፥ ትንኝ እንዳትገባ በጥቃቅን ወንፊት ይሸፈኑ።

ይህም ሆኖ ፍም ወደ ውስጥ ማግባት ፈጽሞ አይገባም። ብዙ ሰው «ጭሱ አልቆ ከቀላ አይጐዳም» ይላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ ሳይሆን፥ ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ነው፤ ይህም የቀላው ፍም ሳይቀር የሚያወጣው ነው። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅንን የሚሸከመው ነገር ይህን መርዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋልና፥ የተኛ ሰው ራሱን ሲያመው ለመንቃት ሳይችል እዚያው ሊቀር ይችላል። ትልቅ ቤት በየስንጥቁ ይተነፍሳል፤ በጥንቃቄ የታሸገ ትንሽ ተሳቢ ግን የሚተነፍስበት ስንጥቅ የለውም። ባለሙያው ሥራውን ባሳመረ ቍጥር አደጋው ይብሳል ማለት ነው። መተንፈሻ አለው ብሎም ፍም ማግባት ልጆችን በዕድል ላይ ማስተኛት ነው።

ስለዚህ ለወዳጃችን የሰጠነው ምክር ይህ ነው። ማንደጃው ከቤቱ ውጭ፥ ከመተንፈሻዎቹ ርቆ ይቀመጥ፤ ምግቡም በዚያው ይብሰል፤ በመኝታ ጊዜም ፍሙ በውሃ ይጥፋ። ስለ ብርዱ ግን ጨንቻ ለራሱ ብርድ መድኃኒቱን አዘጋጅቷል፤ ሸማኔዎቹ የታወቁበት ጋቢና ቡልኮ ተደርቦ ቢለበስ፥ ከእግር ዘንድም ክዳኑ በደንብ የተዘጋ የሙቅ ውሃ ከረጢት ቢቀመጥ፥ ልጆቹ ያለ ፍም ሞቋቸው ያድራሉ።

በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከሁለቱም ዝናብ በፊት፥ ባለቤቱ ከልጆቹ ጋራ ሆኖ ተሳቢውን ይዙረው። መጋጠሚያውን በጣቱ፥ የሳንቃውን ጫፍ በሹል ነገር ይፈትን፤ የለሰለሰ ስፍራ ቢያገኝ ሳይውል ሳያድር ፍቆ፥ አድርቆ፥ አሽጎ ይቀባው። የዶርዜ ሰው የተበላውን እግር በጊዜው ስለሚቈርጥ ቤቱ ለልጁ ይተርፋል፤ ትንሹን ጥፋት በጊዜው የሚያርም ቤተ ሰብም ተሳቢውን ለብዙ ዓመት ይጓዝበታል።